የመምህር አድነው ቀኝ እጅ

ከተበላ ከተማ ወረድ ብሎ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህርት ሰርካለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። አዲስ አበባ በዚህ ወር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ሲሉ ሰምቻለሁና ወፍራም ልብስ አትርሺ። እኛ ቆላ ነን፤ ልጆቻችን ውርጭን የሚያውቁት ከመማሪያ መጽሐፍ ነው።

ጽሑፌን ለማንበብ ከተቸገርሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ብዕሩ ከጣቶቼ መሃል እየሾለከ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ እኔም ጎንበስ ብዬ እፈልገዋለሁ። መያዜን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ የእጅ ድጋፉን ጠዋት አስረዋለሁ፣ ማታ እፈታዋለሁ። ስፈታውም ቆዳዬ ቀልቶ ወይም ተልጦ እንደሆነ አገላብጬ አያለሁ። «ጋሼ፣ ይህ እጅ ቢቃጠልም ቢቆረጥም አይነግርዎትም፤ ዓይንዎ ይንገርዎት» ያልሽኝን አልረሳሁም።

ታሪኬን ለተማሪዎችሽ በራሴ ቃል እንድጽፍ ማዘዝሽ ደስ አሰኝቶኛል። እንግዲህ ልጆች፣ ስሜ አድነው ይባላል፤ የአማርኛ መምህር ነኝ። ባለፈው ሰኔ ከሶዶ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠና የመስታወቱ ስባሪ የቀኝ እጄን አንጓ ቆረጠው። ቁስሉ ተሰፍቶ ዳነ፤ ጣቶቼ ግን ደንዝዘው ቀሩ። መምህርታችሁ ሰርካለም ያገኘችኝ ሶዶ ለክትትል ስመላለስ ነው። ሕክምናዋ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ስሙን ለመጥራት ራሱን የቻለ ልምምድ ጠይቆኛል። እንደገባኝ ከሆነ ሰውን በራሱ ሥራ አማካይነት ወደ ሥራው መመለስ ነው፤ ገበሬን በቁፋሮ፣ እኔን በጽሕፈት። ሶዶ ባለው ኮሌጃቸው በማሽን የታተመ፣ አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኝ ነጭ የፕላስቲክ ድጋፍ ሠርታ አመጣችልኝ። ያሰረችልኝም ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ በተሰለፈበት ነው፤ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ይህ እጅ እንጀራዬ ነው። በወረዳችን የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ላይ የልጆቹን ስም በቁም ጽሕፈት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ርዕሰ መምህራችን ግን በየካቲት ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ካልቻልኩ ወደ ንብረት ክፍል እንደሚያዛውሩኝ ነግረውኛል። ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ልውል ነው ማለት ነው።

በስልክ መነጋገር ክልክል ነው፣ ደብዳቤ ብቻ ማለትሽን ባለቤቴ አስካለች አልወደደችውም። ደብዳቤው ራሱ መድኃኒቱ ነው አልኳት። እሷ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ ቤታችንም የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። አሁን ግን እኔ ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፊደል ትለማመዳለች። ይህን ደብዳቤ የሚኒባስ ሹፌሩ ኤርካሎ ሶዶ ድረስ ይዞልኝ ይሄዳል።

አክባሪሽ፣ አድነው


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አድነው፤

እንደምን ሰነበቱ? ወይዘሮ አስካለችስ ደህና ናቸው? መልሴ ስለዘገየ በጣም ይቅርታ። ሦስተኛ ዲግሪ የሚሉት ነገር ሰውን ከሰው ተራ የሚያወጣ ሆኖ አገኘሁት። ያውም እየተማርኩ እዚህ አንድ ኮርስ አስተምራለሁ።

ድጋፍዎን ያተመው የኮሌጃችን ባለሙያ ፋኑኤል ጥያቄዎን ነግሮኛል። «ደብዳቤዬ ሶዶ ከደረሰ በኋላ ምን ይደረጋል?» ብለው ነበር። ኤርካሎ ሲያደርስለት ፋኑኤል ስካን አድርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ አንድ ፕሮግራም የፊደሉን ቅርጽ፣ የመስመሩን ቀጥ ማለት፣ የእጁን መንቀጥቀጥ ለክቶ ከመቶ ውጤት ይሰጣል። ድጋፉ የደነዘዘ እጅን ወደ ጽሕፈት ይመልሳል ወይስ አይመልስም የሚለው ነው የምርምሬ ጥያቄ፤ መልሱን የሚሰጠኝም የእርስዎ ጽሑፍ ነው።

የመጀመሪያ ውጤትዎ ሠላሳ አንድ ሆኗል። አይዘኑ፣ ከዚህ ተነሥተን ነው የምንወጣው። ደብዳቤዎን ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ለተማሪዎቼ አሳየሁት። አንዷ ልጅ «ዶሮ የጫረው ይመስላል» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። በክፋት አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅ አምልጦኛል። ታሪክዎን ግን እስከ መጨረሻው አነበቡት። የሚቀጥለውንም አሳዪን ብለውኛል።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ይናደዱ። እዚያው ወላይታ፣ በዴሳ በምትባል ከተማ አካባቢ ቦልቴ የሚባል ገበሬ አለን፤ እሱም እንደ እርስዎ እጁ ደንዝዞ ድጋፍ የታሰረለት ነው። የተማረው እስከ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው፣ ግን አርባ አራት አግኝቶ ቀድሞዎታል። መምህር በገበሬ ሲቀደም ዝም ብለው ያያሉ?

የቆዳዎን ነገር አደራ።

ልጅዎ ሰርካለም


ከተበላ ወረድ ብሎ
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፤

ለበዓሉ የላክሽልን መልካም ምኞት ደርሶናል፤ ለአንቺም እንዲሁ ይሁንልሽ።

ክፍሉ መሳቁን ሳነብ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ምክንያቱን ልንገርሽ። እኔ በማስተምርበት ዘመን ሁሉ ተማሪ ረቂቅ እንዲያስረክበኝ ፈቅጄ አላውቅም። መጀመሪያ ይሞነጫጭራል፣ ይሰርዛል፣ ከዚያ በንጹህ ይገለብጣል፤ እኔ የማየው ንጹሁን ነው። ይህን ደንብ ለልጆች አስተምሬ ለራሴ መርሳቴ አሳፈረኝ። ይሉኝታ ቢስ ሆኜ ጭረቴን ለዩኒቨርሲቲ ልጆች አስነበብኩ። ከእንግዲህ የሚደርስሽ ንጹሁ ብቻ ነው፤ ይህም እንደምታዪው ንጹህ ነው።

ድጋፉን በቀን ስንት ሰዓት ታስሩታላችሁ ብለሽ በፋኑኤል በኩል አስጠይቀሻል። ካዘዝሽው አላሳነስኩም፣ እንዲያውም ጨምሬበታለሁ። ሌሊትም አስሬው እተኛለሁ። ቀን የጠቀመ ነገር ሌሊት ምን ይጎዳል?

ፀሐዩ ከረር ማለት ጀምሯል። በቆሎው ታጭዶ አልቋል፣ ሜዳው ገላጣ ሆኗል፣ ከአባያ በኩል የሚመጣው ነፋስም ሙቅ ነው። የክፍላችን ቆርቆሮ ከቀትር በኋላ ይንጣጣል። ርዕሰ መምህሩ በየጊዜው ሰላም ይሉኛል፤ ሰላምታ ሲሰጡኝ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው።

ለበዴሳው ሰው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ግን አብዝተሽ አታሞግሺው።

አክባሪሽ፣ አድነው


አዲስ አበባ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ አድነው፤

ስልሳ ሦስት! ፋኑኤል ተሳስቶ ይሆናል ብዬ እንደገና እንዲለካው አደረግሁ፤ ያው ስልሳ ሦስት ነው። ደስታዬን በምን ልግለጽልዎት? መጀመሪያ በረቂቅ ከዚያ በንጹህ መጻፍዎ እጥፍ ልምምድ ነው፣ እኔ እንኳ አላሰብኩትም ነበር። አሁን ለሌሎቹም እንዲሁ እንዲያደርጉ ነግሬያለሁ። ረቂቆቹን ግን አይጣሉብኝ፣ ከንጹሁ ጋር አብረው ይላኩልኝ፤ ማነጻጸር እፈልጋለሁ።

ተማሪዎቼ ሁለቱን ደብዳቤዎችዎን ጎን ለጎን አይተው አጨበጨቡልዎት። ያቺ ዶሮ ያለችው ልጅ በተለይ ይቅርታዬን ያድርሱልኝ ብላለች። አማካሪዬ ደግሞ በመጋቢት መጨረሻ ሶዶ ላይ በሚደረገው የምርምር ጉባኤ የእርስዎ ጽሑፍ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ብለዋል።

ሌሊት ስለማሰርዎ ያሉትን አየሁት። ባይደረግ ይሻል ነበር፣ ለቆዳው ዕረፍት ያስፈልገዋል። ግን ውጤቱ እንዲህ ከሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል ማለት ነው። ቦልቴ ስልሳ ስምንት ላይ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረዎት።

ልጅዎ ሰርካለም


ከተበላ ወረድ ብሎ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፤

ረቂቆቹን ላኩልኝ ማለትሽ ዘገየ። አስካለች እሳት እያያያዘችባቸው አልቀዋል፤ ከእንግዲህ ያሉትንም ለማስቀመጥ ቃል አልገባልሽም።

የሰሌዳው ነገር እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ሆነ! ትምህርት በተጀመረ ዕለት ጠመኔውን ድጋፉ ላይ በክር አስሬ ቀኑን ጻፍሁ። ፊደሉ ትንሽ ተንጋደደ፣ ግን ልጆቹ አነበቡት። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይተው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው አለፉ። ንብረት ክፍሉ ለጊዜው ሌላ ሰው ይፈልግ።

እስከዚያ ቀን ለመድረስ ግን ትንሽ ችግር ነበረብን። ልጆቹ ክፍል ሲያጸዱ ድጋፉን አውልቄ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበር። ፀሐዩ መትቶት የአውራ ጣቱ ቦታ ጎበጠ። ለፋኑኤል ልኬ ሌላ እስኪታተም ብጠብቅ መንፈቀ ዓመቱ ያለ እኔ ሊጀመር ነው። ስለዚህ ራሴ ጠገንኩት። አስካለች ድስት ሙሉ ውሃ አፈላችልኝ። ፕላስቲኩን ስነክረው እንደ ሊጥ ለሰለሰ። ከድስቱ አውጥቼ ትኩሱን እጄ ላይ ገጠምኩና እስኪደርቅ በጨርቅ ጠፍሬ አሰርኩት። አስካለች «አያቃጥልህም?» አለችኝ። ምንም አልተሰማኝም አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ከዚህ በፊት እንዲህ ልክክ ብሎልኝ አያውቅም።

በማግስቱ አውራ ጣቴ ሥር ውሃ ቋጥሮ ነበር። አስካለች ቅቤ አደረገችበትና መልሰን አሰርነው። ቅርጹ እንዳይበላሽ ከዚያ ወዲህ አልፈታሁትም።

አክባሪሽ፣ አድነው


አዲስ አበባ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ አድነው፤

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ራሱ ገና አልደረሰኝም፤ ፋኑኤል እንደ በፊቱ ስካኑን በመላክ ፈንታ ዋናዎቹን ሰብስቦ በአንድ ላይ እልካለሁ ብሏል። ውጤቱን ግን በስልክ ልኮልኛል፤ ሰባ ስምንት። ምን እንደጻፉልኝ ሳላነብ መልስ መጻፌ ነውር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ደስታዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ነው። እንዲህ የሚጽፍ እጅ ደህና እጅ ነው።

ፋኑኤል በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣ እጅዎን ማየት እንደነበረበት አውቃለሁ። ነዳጅ ጠፍቶ መኪናችን ግቢ ውስጥ ቆሟል። በዴሳም አልሄደም። ውጤታችሁ እያደር ስለሚያድግ ብዙ አላሳሰበኝም። ቦልቴ አሁን እንደ ታተመ ነው የሚጽፈው፤ ሰማንያ አምስት ገብቷል።

አሁን ልመናዬን ይስሙኝ። ለጉባኤው ሶዶ ይምጡልኝ። መድረክ ላይ ወጥተው በሰው ፊት በትልቅ ወረቀት ስምዎን ይጻፉ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። የእጅዎንም ፎቶግራፍ ከጎረቤት ስልክ ለምነው ይላኩልኝ፤ ድጋፉን ፈትተውም አስረውም።

ልጅዎ ሰርካለም


ከተበላ ወረድ ብሎ
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፤

ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ግን ጉባኤው ከፈተና ማረሚያ ጊዜ ጋር ስለሚጋጭ መምጣት አልችልም። ፎቶግራፉም ይቆይ፤ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘው ጎረቤታችን ለቅሶ ሄዷል።

ደህና ነኝ። ስለ ጤናዬ ሌላ የሚጨመር ነገር የለም። ቀትር ላይ ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ቆላ ነውና ወባ አይቀርም። እጄን ከዝንብ ለመከላከል በነጠላ ጠቅልዬ ነው የማስተምረው። የፊተኛው ወንበር ልጆች በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ኋላ ሄደዋል፤ ሰሌዳው ከሩቅ ይሻለናል ይላሉ። እኔም ለጊዜው በቃል ነው የማስተምረው። ግጥም በቃል መማር ለልጅ መልካም ነው።

ከሰኞ ወዲህ አይበላም።

የሽፈራው ችግኝ ተክለናል፣ ጥሩ ይዟል። የበዴሳውን ሰው ሰማንያ አምስት ስሰማ ቅናት ያዘኝ ብል አልዋሽም። ይህኛው ደብዳቤ ስንት እንዳመጣ ጻፊልኝ።

አክባሪሽ፣ አድነው


አዲስ አበባ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ አድነው፤

ዋናዎቹ ደብዳቤዎች ዛሬ ጠዋት ደረሱኝ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኳቸው። ስለ ፈላው ውሃ የጻፉት ላይ ስደርስ ወንበሬን ለቅቄ ተነሣሁ።

ጋሼ፣ ድጋፉን አሁን ይፍቱት። ይህን ወረቀት ሳያስቀምጡ ይፍቱት። አልላቀቅ ካለ በጉልበት አይጎትቱ፤ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ ከዚያ ሶዶ ሆስፒታል። ያ የቋጠረው ውሃ የት ደረሰ? ቆዳው ምን ይመስላል? ይሸታል ወይ? ብርድ ብርድ የሚልዎት ወባ መሆኑን ማን ነገረዎት? ልጆቹ ለምን ወንበር ለቀቁ?

አንድ ሌላ ነገር። ከሽፈራው በላይ «ከሰኞ ወዲህ አይበላም» የሚል መስመር አለ። ከላዩም ከታቹም ጋር አይገናኝም። የማይበላው ማን ነው?

የስልክ ክልከላውን ትቼዋለሁ። ስደውል ግን ስልክዎ ዝግ ነው፣ የርዕሰ መምህሩም አይነሣም። ይህን ደብዳቤ ፋኑኤል በስልክ ፎቶውን ተቀብሎ፣ አትሞ፣ ነገ ጠዋት ለኤርካሎ ይሰጣል። እሱም ቅዳሜ በሞተርም ቢሆን ይመጣል። ውጤት የሚባለውን ይርሱት። እባክዎን፣ በሞቴ።

ሰርካለም


ከተበላ ወረድ ብሎ
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፤

ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተደናገጥሽው? ሰላም ነው። ስልኬ ባትሪው ሞቶ ነው። የቋጠረው ውሃ ደርቋል፣ ቆዳው ተመልሷል። የማይበላው በሬያችን ነው፤ ሆዱ ተነፍቶ ነበር፣ አሁን ተሽሎታል።

ፋኑኤል አይልፋ። ሰሞኑን ዝናብ ጥሎ መንገዱን ቆርጦታል። ከፈተናው በኋላ ራሴ እመጣለሁ።

ስለ የካቲቱ ደብዳቤ ውጤት ምንም አልጻፍሽልኝም።

አክባሪሽ፣ አድነው


መጋቢት 11 ቀን

እህቴ ሰርካለም፤

አንቺ እልሻለሁ። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ስላነበብኩ የማውቅሽ ያህል ነው። እኔ አስካለች ነኝ። ይህን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ በቀር ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ክፍሉ ሳቀ ብለሽ በጻፍሽ ጊዜ በጣም አፈረ። ከዚያ እሱ ሞነጫጭሮ እኔ በንጹህ መገልበጥ ጀመርኩ። እንዲህ ነው የሚደረገው፣ ተማሪዎችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት አለኝ። ቆይቶ ብዕር መያዝ አልቻለም። በአፉ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ። አማርኛውን ስሳሳት ያርመኛል።

አንድ ነገር ልናገር። ሰባ ስምንት ብለሽ ስትጽፊ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ጎበዝ ያለኝ ሰው የለም። ያን ደብዳቤ እሱ ሲተኛ እያወጣሁ አነበብኩት። እጁ እየባሰበት መሆኑን እያየሁ ደስ አለኝ። ይህን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንቺም ይቅር በይኝ።

ከሰኞ ወዲህ አይበላም ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሳያይ መሃል አስገባሁት። ታውቂዋለሽ ብዬ ነው። ጥያቄሽ ሲመጣ አነበብኩለት፣ አፈጠጠብኝ፣ ከዚያ በሬያችን ነው ብለሽ ጻፊ አለኝ። በሬ የለንም። ኖሮንም አያውቅም።

ዛሬ ጎረቤት ጠርቼ በግድ ይዘነው ማሰሪያውን ፈታሁ። ድጋፉ ከሥጋው ጋር ተያይዟል። ስለ ሽታው አልጽፍም። አውራ ጣቱ ጠቁሯል፣ ጥቁሩ ወደ አንጓው ወጥቷል። እጁ ግን አያመውም፣ አንዴም አመመኝ አላለም። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ክፍል ውስጥ ያለ መስሎት ልጆቹን ጸጥ በሉ ይላቸዋል።

ኤርካሎ የኋላውን ወንበር ለቀቀልን። ይህ ደብዳቤና እሱ የሚመጡት ባንድ መኪና ነው። ፋኑኤል ወረቀቱን ማሽን ውስጥ ሳያስገባ መጀመሪያ ሰውዬውን ያውርድልኝ።

አስካለች


ሶዶ፣ ሆስፒታል
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፤

ይህ የግራ እጄ ነው። ዶሮ የጫረው ነው፣ አልተገለበጠም። ብትፈልጊ ለልጆቹ አሳዪያቸው፤ ይሳቁ።

ከአዲስ አበባ መጥተሽ አልጋዬ አጠገብ ቆመሽ ነበር። በማግስቱ ከኮሌጁ የላክሽውን ደብዳቤ አስካለች አነበበችልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሻል። እንካፈለው፣ ለሁለታችንም ይበቃል። ለምን ደበቁኝ ላልሽው መልሴ አጭር ነው። እንዳይስቁብኝ ነው። ሰው ለዚህ ሲል እጁን ያህል ነገር ይሰጣል ወይ ብትዪ፣ እኔ ሰጥቻለሁ። ከአንጓው በላይ ነው የቆረጡት። ጉዱ ደግሞ አሁን አውራ ጣቴ ያመኛል፤ እያለ አንድ ቀን ያላመመኝ፣ ከሄደ በኋላ ያቃጥለኛል።

ርዕሰ መምህሩ ጠይቀውኝ ሄደዋል። ንብረት ክፍሉ ክፍት ነው። አስካለች በመስከረም አምስተኛ ክፍል ትመዘገባለች፤ ይህን ደስ ብሎኝ ነው የምነግርሽ።

የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ትናንት ፋኑኤል መጥቶ ነበር። ሊያጽናናኝ ብሎ ስለ ቦልቴ አነሣልኝ። ምርምሩ ሁሉ ከንቱ አልሆነም፣ የበዴሳው ሰው አዲስ ደብዳቤ ልኮ ዘጠና አንድ አምጥቷል አለኝ። ሰሞኑን ሰው አይቶታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መኪናው ገና ነው አለኝ። ያንቺ ሐሳብ ሁሉ እኔ ላይ ስለሆነ የጠየቀው የለም።

ደብዳቤውን በስልኩ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። በንጹህ የተጻፈ ነው። ስለ ዝናቡና ስለ ቦሎቄው ይጽፋል፤ ድጋፉ በጣም እንደተስማማው፣ አሁን ጨርሶ እንደማይፈታው ይጽፋል። ፊደሉን አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የልጆች ደብተር ያረምኩ ሰው ነኝ፤ ያ የገበሬ እጅ አይደለም። የስድስተኛ ወይም የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት የጻፈችው።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ መልስ አትጻፊልኝ። መኪና ከሌለ በሞተር በዴሳ ሂጂ።

አድነው